ሳናሳያቸው እንዳንሞት

መንዝ ውስጥ፣ ከጓሳ ሜዳ በእግር በሚደረስበት ቀበሌ ተወልዶ፣ አንበሳንና ካንጋሮን በስልክ ለይቶ የሚያውቅ፣ ቀይ ቀበሮን ግን አንድም ቀን በዓይኑ ያላየ ልጅ አለ። ጅብራው ከቤቱ በላይ ባለው ጋራ ላይ ቆሞ ሳለ ልጁን የተክሉን ስም ብትጠይቁት ዝም ይላል። ይህ ልጅ የሩቅ ሰው አይደለም። የእናንተ የልጅ ልጅ ነው፤ የእኔም ነው።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የዕድሜ እኩዮቼ፤ ለመምህራኑ ሌላ ቀን እንናገራለን፣ ለመንግሥትም የሚናገር አይጠፋም። የዛሬው ቃሌ ለእኛው ለሽማግሎቹ ነው። የአገሩን ሣርና ቅጠል፣ አውሬና ወፍ በስም የሚጠሩ፣ የወቅቱን አካሄድ ከደመናውና ከነፋሱ የሚያነቡ የመጨረሻዎቹ ሰዎች እኛ ልንሆን ነው። አጋነነ የሚል ካለ በየሰፈሩ ዞሮ ይቁጠር። ክትክታን ከጥንጁት፣ ጭልፊትን ከጥንብ አንሳ ለይቶ የሚጠራ፣ ዕድሜው ከሠላሳ ያልዘለለ ሰው ስንት ያገኛል?

እኛስ ይህን ሁሉ ከየት አመጣነው? አስቀምጦ ያስተማረን የለም። ከብት ስንጠብቅ ነው የተማርነው። ቀጋ መቼ እንደሚበስል፣ ወረድ ሲሉ አጋም የትኛው ቁጥቋጦ ላይ እንደሚገኝ፣ አልቅት ያለበት ውሃ የትኛው እንደሆነ፣ ቆቅ የት እንደምትጥል፣ በረዶ ያዘለ ደመና በየት በኩል እንደሚመጣ ከታላላቆቻችን ጋር ስንውል በምክርም በኩርኩምም ገባን። ልጅ እያለን ዕውቀት ነው ብለን አላሰብነውም። ኑሮ ነበር።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጆቻችንን ከከብት ጭራ አንስተን ላክን። ደግ አድርገናል። እረኝነት ብርድና ረኃብ፣ ጅብና ጎርፍ ያለበት ሕይወት ነው፤ ልጆቹ ወደዚያ ይመለሱ የሚል ሰው ካለ እኔ ከእሱ ጋር የለሁበትም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። እረኝነት ሲቀር አብሮት የቀረውን ትምህርት ማን ተካው? ለዓመታት በአንደኛ ደረጃ «አካባቢ ሳይንስ» የሚባል ትምህርት ይሰጥ ነበር። ስሙ ያማረ ነው። አካባቢው ግን የሚሳለው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ያለውን ወይራ ወጥቶ ከማሳየት ይልቅ ወይራን በጠመኔ መሣል ቀለለ። መምህሩን አልወቅስም። ያን ሁሉ ልጅ በአንድ ክፍል አጭቆ የያዘ ሰው ብቻውን ወዴት ይውጣ? አጋዥ ያስፈልገው ነበር። አጋዡ መሆን የሚገባን እኛ ነበርን። ማንም አልጠራንም፤ እኛም ሳንጠራ አልሄድንም።

የእረኛ ዕውቀት ተራ ነገር የሚመስላችሁ ካላችሁ ይህን ስሙ። በባሌ ተራሮች ቀይና ቢጫ ሆኖ ቀጥ ብሎ የሚቆም ረጅም አበባ አለ። የእረኞች ልጆች ከአበባው የሚወጣውን ጣፋጭ ወለላ ይልሳሉ። የቀይ ቀበሮን ኑሮ ለአሥርተ ዓመታት ያጠኑት ፕሮፌሰር ክላውዲዮ ሲሌሮ የአበባውን ጣዕም መጀመሪያ የተረዱት እነዚያ ልጆች ሲልሱ አይተው ነው። ኋላ ቀበሮዎቹም ያንኑ አበባ ሲልሱ ታዩ፤ በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር ነገሩ በአንድ የሳይንስ መጽሔት ታትሞ ዓለም ተደነቀበት። ሥጋ በሊታ አውሬ ከአበባ ወለላ ሲቀምስ፣ ምናልባትም ዱቄቱን በአፍንጫው ይዞ ከአበባ ወደ አበባ ሲያደርስ ማን አስቦ ያውቃል? የመጀመሪያው ፍንጭ ግን ከልጆች ምላስ ነው የመጣው። ልጆቹ እዚያ የተገኙት ውጭ ስለዋሉ ነው።

የእኛው ጓሳም የራሱ ታሪክ አለው። ጭላዳ ሣር የሚግጥ ጦጣ ነው፤ ከዘመዶቹ ሁሉ ሣር ግጦ የሚኖር እሱ ብቻ ነው፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀርም አገር የለውም። ቀይ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ቀስ ብሎ ሲመላለስ፣ ጭላዳዎቹም ሳይሸሹት እረኞቻችን ስንት ዘመን አይተዋል። ከውጭ የመጡ ተመራማሪዎች ሜዳው ላይ ተቀምጠው፣ ደብተር ይዘው ቆጠሩት። ቀበሮው በመንጋው መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ያህል ይቀናዋል፤ ብቻውን ሲያድን 25 ጊዜ ብቻ። ይህን በ2007 ዓ.ም. አሳተሙ። የሰው አገር ወጣት ውቅያኖስ ተሻግሮ መጥቶ፣ በጓሳ ብርድ ተቆራምዶ የሚያየውን የእኛ ልጅ ከቤቱ ደጃፍ ወጥቶ አያየውም። በእንግዶቹ አልቀናም፤ ሙያቸው ነው፣ ያስከብራል። ከእኛ ልጆች ግን አንድ እንኳ አብሯቸው ተቀምጦ እንዲቆጥር የላከው ማነው?

ስለ እንዶድ ሳልናገር አላልፍም፤ ይህ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የሚነካኝ ነው። እንዶድን ሁላችንም እናውቃለን፤ እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያጥቡበት ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1964፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲመረምሩ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዝያ ወደ ሰው የሚሻገረው በቀንድ አውጣ በኩል ነው። እንዶዱ ቀንድ አውጣውን ይገድላል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ የመጀመሪያው መሣሪያ ማይክሮስኮፕ አልነበረም። ወንዝ ዳር ወርዶ፣ ቆሞ፣ ሴቶቹ የሚሠሩትን አይቶ፣ ውሃው ወዴት እንደሚፈስ ተከትሎ መመልከት ነበር። ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እንደ ፈረንጆቹ በ1989 ለዚህ ሥራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ያን ወንዝ በየዕለቱ ስንት የተማረ ሰው ይሻገረው ነበር! ዛሬ ልጆቻችን እንዶድን አያውቁም፤ ዱቄት ሳሙና ነው የሚያውቁት። ሳሙናው ይሁን፣ ደግ ነው፤ ግን ቀጣዩን እንዶድ ማን ያገኘዋል?

አሁን ወደ ወቅቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ዋናው አደጋ። አባቶቻችን ዓመቱን በአራት ከፍለውታል። ሰኔ 26 ክረምት ይገባል፤ መስከረም 26 መፀው፣ ታኅሣሥ 26 በጋ፣ መጋቢት 26 ጸደይ። የቤተ ክርስቲያኑ አቆጣጠር ክረምቱን ራሱን ደግሞ ይከፋፍለዋል፦ የዘርና የደመና ጊዜ፣ የመብረቅና የነጎድጓድ ጊዜ፣ ከነሐሴ 10 እስከ 27 ደግሞ የቁራ ጫጩቶች የሚታሰቡበት ጊዜ። የጫጩቶቹ ነገር ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደ ነው፤ ሆኖም ሰማዩን፣ ወንዙንና ወፉን በወቅቱ መዝገብ ላይ ያሰፈሩት ሰዎች ውጭውን የሚመለከቱ ሰዎች እንደነበሩ አያጠራጥርም። ከእኛ መካከል በነሐሴ ልጅ ይዞ የቁራ ጎጆ ለማሳየት የወጣ አለ? ቅኔውን እናዜማለን፤ ቁራውን አናሳይም።

የመንዝና የወሎ ደጋ ሰው በበልግ ገብስ የሚኖር ሰው ነው። በልጉ በየካቲት ጀምሮ እስከ ግንቦት መዝነብ ነበረበት። ሲዘገይ፣ ሲቀር፣ ሳይታሰብ ሲመጣ እናያለን፤ እናያለን ማለት የቀድሞውን ስለምናስታውስ ነው። ልጆቹስ? የድሮውን በልግ ያላየ ልጅ የዛሬው መዛባት ተፈጥሮው ይመስለዋል። ምንጭ የነበረበትን ደረቅ ጉድጓድ ደረቅ ጉድጓድ ብቻ ብሎ ያልፈዋል። ኮሶ የነበረበትን ገደል ድሮም ገላጣ ነበር ይላል። አገር የሚጠፋው እንዲህ ነው፤ ማንም ሳያለቅስ፣ ማንም የጠፋውን ሳይቆጥር። ኮሶው የመጨረሻው ሲቆረጥ እዚያ ቆሞ «ይህ የአያቴ ኮሶ ነው፣ አትንኩት» የሚል ልጅ ከሌለ ሕግም ሆነ ዘበኛ አያድነውም።

ስለ መስቀል ወፍ ትንሽ ልጨምር፤ ለልጆች ደስ የሚላቸው ነገር ነው። ዓመት ሙሉ የጠፋብንን ሰው «የመስቀል ወፍ ሆንክ» እንለዋለን። ወፏ በመስከረም መጥታ የምትጠፋ እንግዳ ትመስለናለች። በአብዛኛው ግን የትም አልሄደችም። የዝናቡ ወራት መራቢያው ስለሆነ ወንዱ ያን ጊዜ ያጌጠ ላባ ያወጣል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ላባውን ይለውጥና እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል፣ ከድንቢጦች ጋር ተቀላቅሎ እህል ይለቅማል። ይህን በመጽሐፍ የሚያነበው ልጅ ይረሳዋል። በመስከረም ያየውን ወፍ በኅዳር ያንኑ ማሳ ዳር ሄዶ የሚፈልገው ልጅ ግን አይረሳውም፤ እየፈለገም ሌላ አሥር ነገር ያያል።

እኩዮቼ፣ ጓሳ እስከ ዛሬ የቆየው በታጠቀ ዘበኛ አይደለም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቀደሙት አባቶች የአስቦና የጌራ ተወላጆች ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ጠበቁት። ሜዳው እስከ ሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር፤ የጓሳው ሣር ሲደርስ ተከፍቶ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይታጨዳል። ሣሩ ደረሰ አልደረሰም ብሎ ለመወሰን ሣሩን ማወቅ ግድ ነው። የሚያውቁት ብዙ ስለነበሩ አንዱ ቢዋሽ ሌላው ይመልሰው ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬቱ አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ከዚያ በኋላ ሜዳው ምን እንደደረሰበት እናንተም ታውቃላችሁ። ዛሬም ጓሳ በሕዝብ ጥበቃ ሥር ነው። መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ኮሚቴ አለው፣ ጠባቂ አለው። ደንቡን የሚያከብረው ሰው ግን ነገ ማን ነው? የጓሳውን ሣር ከእንክርዳድ የማይለይ ልጅ ነገ በስብሰባ ተቀምጦ «ይታረስ ወይስ ይቆይ» ሲባል ምን ብሎ እጁን ያወጣል? ሜዳው ከ3200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ የብዙ ወንዞች መነሻ ነው። ከታች ያለው አራሽም ሆነ ከተማው ውሃ የሚጠጣው ከዚያ ሣር ሥር ነው።

ሌላው የሚያስፈራኝ ግማሽ ዕውቀት ነው። ምንም የማያውቅ ልጅ ይፈራል፣ ፍርሃቱም ያድነዋል። የሰማውን ብቻ ይዞ የሚወጣ ግን ይጎዳል። አስተናግር የሚበላ ፍሬ መስሎት የቀመሰ ልጅ አእምሮውን ስቶ ይለፈልፋል። ኮሶን ልኩን ሳያውቅ የጠጣ ሰው የዓይኑን ብርሃን ሊያጣ ይችላል። በድርቅ ዘመን ጓያን ብቻ እየበሉ ወራት የከረሙ ጎልማሶች እግራቸው ሽባ እንደሆነ እኛ እናውቃለን፤ ልጆቹ አያውቁም። እንግዲህ ልኩን፣ አዘገጃጀቱን፣ ማስጠንቀቂያውን ማን ይንገራቸው? የመድኃኒት አዋቂዎች የሆናችሁ፣ ቅጠሉን በጨለማ ቆርጣችሁ በጨለማ የምትደቁሱ፣ ለእናንተ ይህ ቃል በተለይ ነው። ምስጢሩ ኃይሉን ያጣል ብላችሁ ለልጆቻችሁ እንኳ ሳትነግሩ ትሄዳላችሁ። ደዌውን የሚያድነው ክፍል ምስጢር ይሁን ካላችሁ ይሁን፤ የሚገድለውን ግን መደበቅ ኃጢአት ነው።

ስለ ውሻም ልናገር። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ሁሉም ያሉት በአገራችን ነው። በባሌ፣ በወብ ሸለቆ፣ በ1996 ዓ.ም. ከውሻ የተነሣ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በአካባቢው ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ። ከብት ተከትሎ ሜዳ የሚወጣው ያልተከተበ ውሻ የእኛ ውሻ ነው። ልጁን ይዛችሁ ስትወጡ ይህንንም አሳዩት፤ ውሻውን አስከትቡ፣ ልጁም ውሻው ሲከተብ ይይ። አንዱ ትምህርት ይህ ነው።

«ልጆቹ አይሰሙንም» ትላላችሁ። አልቀበለውም። ቤት ውስጥ ተቀምጠን «በእኛ ጊዜ» እያልን ስንጀምር አይሰሙንም፤ እኔም ብሆን አልሰማም። ውጭ ወጥተን «ይህን ሽተተው፣ ይህን አትንካው፣ ያ ምን ይመስልሃል» ስንል ግን ይሰማሉ። ልጅ የሚሰለቸው ወሬ ነው እንጂ ነገር አይሰለቸውም።

ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። ልጁ አንድ ዛፍ ይምረጥ፤ ከደብሩ ቅጥር ግቢ ወይም ከወንዙ ዳር። ጽድ ይሁን፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ኮሶ ይሁን ግድ የለም። በክረምት፣ በመፀው፣ በበጋ፣ በጸደይ እየሄደ ይየው፤ መቼ እንዳበበ፣ ማን እንደሰፈረበት፣ ቅጠሉን ምን እንደበላው በደብተሩ ይጻፍ። የደብሩ ደን ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ትምህርት ቤት ነው፤ በብዙ የደጋ አገር የቀረው አገር በቀል ደን ያለው እዚያ ብቻ ነው። ካህናቱን አስፈቅዱ፤ ቅጠል ሳይቀጠፍ፣ ጫጩት ሳይነካ፣ ድምፅ ሳይበዛ። መምህሩንም ጥሩት፤ እሱ በሳይንሱ ያለውን ይጨምራል፣ እናንተ በዓይናችሁ ያያችሁትን። ሁለታችሁም ያልመለሳችሁትን ልጁ ራሱ ይጠይቅ።

በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ 22 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ታውጇል። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ልጆቻችን ችግኝ ተሸክመው ይወጣሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ይመለሳሉ። መትከሉን አልቃወምም። ግን የተከለው ምን እንደሆነ ስሙን የማያውቅ፣ በኅዳር ደርቆ ይሁን ለምልሞ ሄዶ የማያይ ልጅ ምን ተማረ? ቢያንስ የእናንተ የልጅ ልጅ የተከለውን በስሙ ይጥራው፤ በበጋ ውሃ ይዞ ይመለስበት።

ባለፉት ዓመታት በክልላችን በጸጥታው መታወክ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ልጆች ከመማሪያ ክፍል ርቀዋል። ሁኔታው የማይፈቅድበት ቦታ ልጅ ይዞ ጋራ መውጣት አይገባም፤ ነፍስ ይቀድማል። ጓሮና ደጃፍ ግን አለ። እዚያም ግራዋ አለ፣ ዳማከሴ አለ፣ ጌሾ አለ፣ ጉንዳን አለ፣ ድንቢጥ አለች። መማሪያ ክፍል ሲዘጋ እኛም አብረን ከተዘጋን ልጆቹ ሁለት ጊዜ ተዘጋባቸው ማለት ነው።

ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ይባላል። እኛ ከደረቅን በኋላ ማንም አያገኘንም። ጉልበታችን እየደከመ ነው፤ ዓይናችን እየፈዘዘ ነው፤ ባለፈው ዓመት አብረውን ከነበሩት አዋቂዎች ስንቱን ቀበርን? ከእነሱ ጋር የሄደውን ማን ጠየቃቸው?

ሰኔ 26 ክረምት ይገባል። ከዚያ በፊት የልጅ ልጆቻችሁን ይዛችሁ አንድ ቀን ውጡ፤ ዝናቡ ሲያባራ፣ አደይ ሲያብብ፣ በመስከረም ደግሞ ተመለሱ። እግር የከዳችሁ በጓሮ ጀምሩ፤ ዓይን የከዳችሁ ልጁ ቅጠሉን እያመጣ ያስነካችሁ፣ እናንተ ስሙን ንገሩት። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ማን እንደወጣና ማን እንዳልወጣ እንጠያየቅ፤ እኔ የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ።